ለልጄ፦ የአንጀት ናሙናው ውጤት የሚለውና የማይለው

ልጄ፣

በቴሌግራም የላክሽልኝን የኢንዶስኮፒ ናሙና ውጤት ከላይ እስከ ታች አየሁት። «በቃ ሴሊያክ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ስንዴ አልነካም» ያልሽው ግን ልክ አይደለም። ወረቀቱ ሴሊያክ፣ ማለትም ግሉተን የሚባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን የሚያስነሳው የአንጀት በሽታ፣ ነው አይልም። ስንዴውንም አሁን ብትተዪው የቀረውን ምርመራ ታበላሺዋለሽ። እባክሽ፣ የኔ እናት፣ አንብበሽ እስክትጨርሺ ታገሺኝ።

የተጻፈው «በሽፋኑ ውስጥ ሊምፎሳይቶች በዝተዋል፤ የቪላዩ ቅርጽ ግን አልተለወጠም» የሚል ነው። የትንሹ አንጀት የውስጥ ገጽ ልሙጥ አይደለም፤ እንደ ፎጣ ፊት ጥቃቅን ጣት መሳይ ነገሮች ቆመውበታል። ቪላይ የሚባሉት እነሱ ናቸው፤ ቁመታቸው ቢበዛ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከሥራቸው ክሪፕት የሚባሉ ጉድጓዶች አሉ። በጤነኛ አንጀት የጣቷ ቁመት የጉድጓዱን ጥልቀት 3 እጥፍ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። ጣቷን በሸፈኑት ሴሎች መሃል ደግሞ የሰውነት ዘበኞች የሆኑት ሊምፎሳይቶች እዚህም እዚያም ይታያሉ። ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ በማይክሮስኮፕ ይቆጥራቸውና በ100 የሽፋን ሴል ከ25 በላይ ከሆኑ «በዝተዋል» ብሎ ይጽፋል።

ሴሊያክ ሲሆን ሰውነት በግሉተን ተቆጥቶ የራሱን አንጀት ይጎዳል፤ ጉዳቱም ደረጃ አለው። ማርሽ የተባለው ሐኪም በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ በኋላም ሌሎች ያሻሻሉት አከፋፈል ነው ዛሬም የሚሠራበት። ማርሽ 1 ሊምፎሳይቶች ብቻ የበዙበት ነው። ማርሽ 2 ላይ ጉድጓዶቹም ይረዝማሉ። ማርሽ 3 ላይ ጣቶቹ ራሳቸው ያጥራሉ፤ 3ኤ በመጠኑ፣ 3ቢ በጣም፣ 3ሲ ሙሉ በሙሉ ጠፍጥፎ ማለት ነው። ብረት በብዛት የሚመጠጠው እዚያው የአንጀቱ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ጣቶቹ ሲጠፉ የደም ማነስ ይከተላል።

ያንቺ ማርሽ 1 ነው። ይህ ብቻውን ከተገኘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሴሊያክ የለባቸውም። የጨጓራ ባክቴሪያው ኤች ፓይሎሪ ያመጣዋል፤ ጃርዲያ ያመጣዋል፤ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም ያመጡታል። አንቺ ደግሞ በየወሩ ለቁርጠት አይቡፕሮፌን ትወስጃለሽ፤ ለጥምቀትም እዚህ ኢትዮጵያ መጥተሽ ስለነበር ጃርዲያውን ከዚህ ይዘሽ ሄደሽ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ለሐኪምሽ ንገሪያት፤ የሰገራ ምርመራ ለጃርዲያ፣ ለኤች ፓይሎሪም ምርመራ ጠይቂ። ለቁርጠቱ ፓራሲታሞል ይበቃሽ እንደሆነም አማክሪያት።

አንድ ቁጥር ግን አሳስቦኛል። ስለ ናሙናው አካላዊ መልክ በሚያወራው መስመር ላይ «2 ቁራጭ» ይላል። የብሪታንያ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች መመሪያ ቢያንስ 4 ቁራጭ ይላል፤ አንዱ ከዱዎደነሙ (ከትንሹ አንጀት የመጀመሪያ ክፍል) መግቢያ፣ ቡልብ ከሚባለው ቦታ እንዲሆን። ምክንያቱ ሴሊያክ አንጀቱን እኩል አይጎዳም፤ እዚህ ጋ ደህና፣ ሁለት ጣት ራቅ ብሎ የተበላ ሊሆን ይችላል። በ2 ቁራጭ የተጎዳው ቦታ ሊያመልጥ ይችላል። በተቃራኒው ቁራጩ ለመቆረጥ በሚደረግበት የፓራፊን ሰም ውስጥ አጋድሎ ከተቀመጠና ሰያፍ ከተቆረጠ ጤነኛው ጣት አጭር መስሎ ይታያል። ስለዚህ ወደ ሴሊያክ የሚያመለክት ሌላ ነገር ከተገኘ ናሙናው እንደገና ይነበብ ወይም በበቂ ቁራጭ እንደገና ይወሰድ ማለት ያንቺ መብት ነው።

አሁን የሚጠበቀው የደም ምርመራ ቲቲጂ-አይጂኤ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ነው። አይጂኤ ከፀረ እንግዳ አካል ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ከቲቲጂው ጋር ጠቅላላው አይጂኤ መለካቱን አረጋግጪ። አይጂኤ በተፈጥሮ የሚጎድላቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱ ሴሊያክ እያለባቸው ቲቲጂው «ነጻ» ሊል ስለሚችል አይጂጂ በሚባለው በሌላው ዓይነት ይመረመራሉ። የዘር ምርመራውን፣ ኤችኤልኤ ዲኪው2 እና ዲኪው8ን፣ ካዘዙልሽ ጥቅሙ ሴሊያክን ከጥርጣሬ ለማስወጣት ነው፦ ሁለቱም ከሌሉሽ ሴሊያክ የለም ማለት ይቻላል። ቢኖሩሽ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ከ3 ሰው አንዱ ገደማ ያለ ምንም በሽታ ይዟቸው ይኖራል።

ከእነዚህ ውስጥ ምግብ የማይለውጠው የዘሩን ብቻ ነው። ግሉተን ካቆምሽ ፀረ እንግዳ አካሉ ይወርዳል፣ አንጀቱም ይጠገናል፤ ከዚያ ወዲያ «ነጻ» የሚል ወረቀት ብታገኚ በሽታው የለም ማለት ይሁን አንቺ ስላቆምሽ ይሁን የሚለይ የለም። እዚያው ብሪታንያ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ተቋም፣ የናይስ፣ መመሪያ ከምርመራ በፊት ቢያንስ ለ6 ሳምንት፣ በየቀኑ፣ ከአንድ በሚበልጥ ማዕድ ግሉተን ብዪ ይላል። ጠዋት ቶስት፣ ማታ ፓስታ ማለት ነው። በጣም ካመመሽ ዝም ብለሽ አታቁሚ፤ ደውለሽላት ምርመራው እንዲፋጠን ጠይቂ።

«እንጀራ እበላለሁ እኮ» እንዳትዪኝ። ንጹሕ ጤፍ ግሉተን የለውም፤ የጤፍ እንጀራ ብቻ እየበላሽ ከሰነበትሽ ምርመራው ባዶ ሜዳ ላይ ነው የተደረገው። ለንደን ውስጥ የምትገዢው እንጀራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይደባለቅበታል፤ ስለዚህ የትኛውን ስትበዪ እንደነበር ጋጋሪዋን ጠይቂና ጻፊው። ምናልባት ሴሊያክ ሆኖ ከተገኘ ያው ጥያቄ በተቃራኒው ይመጣል፦ ጤፉ ስንዴ በተፈጨበት ወፍጮ አልፏል ወይ፣ እርሾው ከየትኛው ሊጥ የቀረ ነው። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ የስንዴ ቂንጬ ያን ጊዜ ይቀራሉ። ከዚህ የምልክልሽን በርበሬና ሽሮም ለብቻ አስፈጫለሁ። ዛሬ ግን ያ ሁሉ ገና ነው።

የደም ውጤቱ ሲደርስሽ ቁጥሩን ብቻ አትላኪልኝ፤ ከጎኑ ያለውን የላቦራቶሪውን መደበኛ መጠንም ጨምረሽ ፎቶ አንሺው። እያንዳንዱ ላቦራቶሪ የራሱ መለኪያ ስላለው ቁጥሩ ብቻውን አይነበብም።

አባትሽ