የአድዋ ልብስ አጣቢዎች የት ገቡ?

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ የምርምር ሥራዎች ያወጣችሁትን የሙሉ ገጽ ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ሽልማታቸው፣ የጥናት ጽሑፎቻቸው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የሚጠራው ተቋም፣ ሁሉም ተዘርዝሯል። አንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ። እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል «በላቦራቶሪ ባደረጉት ተከታታይ ምርመራ ደረሱበት» ይላል ጸሐፊያችሁ።

ስህተት ነው። ነገሩ የተጀመረው እዚሁ አድዋ፣ ወንዝ ዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኟቸው። ላቦራቶሪው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን እርሳቸው ራሳቸው ሲናገሩት ኖረዋል። ባለቤቱ ያልደበቀውን ጋዜጣ ለምን ይደብቃል?

እናቴ ከአጣቢዎቹ ወገን ናት፤ የሰው ልብስ አጥባ አሳደገችን። የደረቀውን ፍሬ፣ እኛ ሸብቲ የምንለውን፣ በሙቀጫ ስትወቅጥ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍን ነበር፤ ብናኙ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል። ከዚያ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውኃ ትዘፈዝፈውና አረፋው ሳፋውን ሞልቶ እስኪነሣ በእጇ ትመታዋለች። ጋቢው የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ የተማረችው ከእናቷ ነው።

የልጅነት ናፍቆት ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ ኬሚስትሪው ልግባ፤ የማስተምረው እርሱን ነውና። የእንዶድን አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለ ውህድ ነው። ፍሬው ሳይነካ እንዳለ፣ አብዛኛው ሳፖኒን ሁለት የስኳር ሰንሰለት ተያይዞበት ይገኛል፤ እንዲህ ሆኖ ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ሲያገኝ ግን በውስጡ ያለው ኢንዛይም አንዱን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ገዳይ የሚሆነው ያኔ ነው። በውኃ ፋንታ ሜታኖል በተባለ የአልኮል ዓይነት የጨመቁት ኬሚስቶች ያገኙት ያልነቃውን ዓይነት ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እነዚያ ሴቶች መውቀጡንና በውኃ መዘፍዘፉን ባያውቁበት ኖሮ ዶክተር አክሊሉ ወንዙ ዳር የሚያዩት ነገር አይኖርም ነበር። ሴቶቹ ሲወጡ ኬሚስትሪውም አብሮ ይጎድላል።

ጸሐፊያችሁ ቦታ አጠረኝ ሊል አይችልም። በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን፣ የውኃ ቱቦ በሚዘጋው ዜብራ መስል በተባለ ዛጎል ለበስ እንስሳ ላይ ስለመሞከሩና ስለ ፓተንቱ ሦስት አንቀጽ ሰጥቷል። የኦሃዮ ቱቦ ሦስት አንቀጽ ሲደርሰው የአድዋ ሴቶች አንዲት ቃል ይነፈጋሉ? በአምስት ዓመት የእንዶድ ሙከራ የቢልሃርዝያ ስርጭት ከ63 ወደ 33 በመቶ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ የወረደው እኮ በእኛ ወንዞች ነው! ይህም ከገጹ ቀርቷል።

ይህን ያህል የሚያንገበግበኝ ነገሩ ስለተደጋገመብኝ ነው። ከዓመታት በፊት ሳፖኒንን ላስተምር እንዶድ ወቅጬ ክፍል ገባሁ። ሊገመግመኝ የመጣው ሰው አረፋውን አየና በተማሪዎቼ ፊት «ይህ የባልቴት ሥራ ነው፤ ወደ መጽሐፉ ተመለሺ» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። ከሳቁት መካከል አያቶቻቸው በእንዶድ የሚያጥቡ ነበሩ። የእናንተን ገጽ የሚያነብ ተማሪም ያንኑ ይማራል፦ ዕውቀት ነጭ ጋውን ለብሶ ካልመጣ ዕውቀት አይደለም ማለት ነው። ዶክተር አክሊሉ ግን አጣቢዎቹ አጠገብ ቆመው አይተዋል፣ ጠይቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያስገኘላቸው ሥራ ከዚያ የተነሣ ነው። ታላቅነታቸውን ለመናገር የተነሣ ጽሑፍ ትልቁን ነገራቸውን ቆርጦ ጣለው።

በሚቀጥለው እትም፣ በዚያው ገጽና በዚያው የፊደል መጠን እርምት እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ጸሐፊያችሁም አድዋ ድረስ ይምጣ። በእንዶድ ሲያጥቡ የኖሩ እናቶች ዛሬም አሉ፤ ወስጄ አገናኘዋለሁ፤ «አደይ» (እናቴ) ብሎ ቁጭ ይበልና ይጠይቃቸው።

የኬሚስትሪ መምህርት፣ ከአድዋ