ስለ ጋዜጣው ጽሑፍሽ

ሚሚዬ እንዴት ነሽልኝ፣ እኛ ደህና ነን እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው እናትሽ በስልክ «ሶሻል ሚዲያ ላይ የለጠፍሽውን ሁሉ አጥፊ፣ አሜሪካ አፍሽን ይዘሽ ተምረሽ ነይ» ስትልሽ ዝም ያልኩት ተስማምቼ እንዳይመስልሽ፣ እሷ ፊት መከራከር ፈርቼ ነው፣ ታውቂያት የለ።

ግን ፍርሃቷ እንዲሁ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የዛችን እዛው አሜሪካ ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ትማር የነበረች ቱርካዊት፣ የሩሜይሳ ኦዝቱርክን ቪዲዮ አይታ ነው እንቅልፍ ያጣችው። ልጅቷ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ሆና ስለ ጋዛ ዩኒቨርሲቲዋን የሚወቅስ ጽሑፍ በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ አወጣች፣ ከዛ ዓመት ቆይቶ ማርች 2025 ላይ ለኢፍጣር ስትሄድ ሲቪል የለበሱ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች መንገድ ላይ ከበው ስልኳን ቀምተው እጇን አስረው ወሰዷት፣ ቪዛዋ መሰረዙን ራሱ የነገራት የለም። ዩኒቨርሲቲው ጽሑፉ የጣሰው ደንብ የለም ብሎ ለፍርድ ቤት ጽፎላት እንኳን ሉዊዚያና ግዛት ስድስት ሳምንት ገደማ ታስራ ነው በዳኛ ትዕዛዝ የወጣችው።

እኛ ጋ ደግሞ ሚያዝያ 1993 የስድስት ኪሎ ተማሪ የጠየቀው ምን መሰለሽ፣ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ ጋዜጣችን ይመለስ፣ ማህበራችን ነፃ ይሁን፣ በቃ። ነገሩ ወደ ከተማው ወጥቶ ከ30 በላይ ሰው ሞተ፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋም ስለ አካዳሚክ ነፃነት በተናገሩ በሳምንታት ውስጥ ተማሪ አነሳስታችኋል ተብለው ታሰሩ። ከዛ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው ለኔ የባሰው፣ ሰው ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ ፖለቲካ ሊያወራ ሲል መጀመሪያ ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ያይ ነበር። አሁን አሁን ደግሞ ልጆቹ ፖሊስን ትተው ዶርም አብሯቸው የሚተኛውን ነው የሚፈሩት፣ ብሔሩ ምንድነው ብለው።

ለዚህ ነው ያ ግቢያችሁ የመጣው ተናጋሪ በእናንተ በተማሪዎቹ ጩኸት ንግግሩን አቋርጦ ወረደ ብለሽ እየሳቅሽ ስትነግሪኝ ደስ ያላለኝ። ሰውየው የማይረባ ነገር ተናግሮ ይሆናል፣ ታዲያ ጥያቄ ጠይቃችሁ ማሳፈር አቅቷችሁ ነው?

ስለዚህ አጥፊ አልልሽም። ወንድምሽም ለቪዛ ሲያመለክት የሶሻል ሚዲያ አካውንትህን ፐብሊክ አድርግ ተብሏል፣ ከጁን 2025 ጀምሮ ለአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ደንቡ እንደዛ ነው፣ እና ድንገት ባዶ የሆነ ገጽም ምን ደብቀሽ ነው ማስባሉ አይቀርም። ሌሊት ተናደሽ የምትለጥፊውን ተይው፣ በቀን አስበሽ በስምሽ የምትጽፊውን ጻፊ። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ስልክ ወረቀት ላይ ያዢ፣ ስልክሽን ከወሰዱት የት ታገኚዋለሽ። ትምህርት ቤትሽ ውስጥ የውጭ ተማሪዎችን ጉዳይ የሚይዘውን ሰውም ቀድመሽ ተዋወቂው።

ለጋዜጣው የምትጽፊውን ረቂቅ ከማውጣትሽ በፊት ላኪልኝ፣ በኢሜል ግን፣ ቴሌግራሜን የምትከፍተው እናትሽ ናት።