ጄሊፊሽ የኦክቶፐስ ዘመድ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትም የሳይንስ ዓምዳችሁ ጄሊፊሽን የኦክቶፐስ ዘመድ አድርጎታል። ደሴ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ጋዜጣውን ይዘው አፋጠጡኝ። ኦክቶፐስ የሚመደበው ከቀንድ አውጣ ጋር፣ ሞለስካ በተባለው ፋይለም (ትልቅ የእንስሳት ምድብ) ነው፤ አንጎል አለው፣ ልቡማ ሦስት ነው። ጄሊፊሽ አንጎልም ልብም የለውም። ፋይለሙ ናይዳሪያ ነው፤ ዘመዶቹም ኮራልና ሃይድራ የተባለችው ትንሽ የውሃ እንስሳ። የሚያዛምዳቸው ተናዳፊው ሕዋስ ነው፦ ውስጡ የተጠቀለለ ክር አለ፤ ሲነኩት ተፈናጥሮ ይወጋል፣ መርዝም ይለቃል። ማበጠሪያ በሚመስሉ የፀጉር መሰል ነገሮች ረድፎች የሚቀዝፈው ቴኖፎር የተባለው የባሕር እንስሳ እንኳ፣ መልኩ ጄሊፊሽ ቢመስልም፣ ራሱን የቻለ ፋይለም ነው የተሰጠው። (ወሎ ባሕር የለውም ብላችሁ ከሆነ፣ ፈተና ላይ ግን ይመጣል!)

እርማቱን በሚቀጥለው እትም በዚያው ዓምድ አውጡልን፤ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል እንዳይሆን አደራ።

አንድ የባዮሎጂ መምህር፣ ከደሴ