ሸሚዙን ከመቅደዳችሁ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በረንዳ ላይ ሲንጀሬን ይዤ ልብስ እሰፋለሁ፣ እጠግናለሁ። ስለ ኑሮ ውድነት ስታወጡ አነባለሁና እኔም ከሙያዬ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ነገሬ ትንሽ ናት፤ የልብስ ቁልፍ።

የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ኮምቦልቻ ቢሆን ደረትን ከፍቶ ይኬዳል። እዚህ ግን የጦሳ ተራራ ነፋስ ማለዳ ሲወርድ ቁልፍ የጎደለው ኮት ቀልድ አይደለም። «ጋሼ፣ ይቺን አንዷን ብቻ ይትከሉልኝ» ይሉኛል። አምሳያዋ ከየት ትምጣ? ሰኞ ገበያ ብወርድ ቀለሟ ሲገኝ ውፍረቷ አይገጥምም። ውፍረቷ ሲገጥም የኮቱ ባለ አራት ቀዳዳ፣ ያገኘሁት ባለ ሁለት። መጨረሻ ላይ ሙሉውን እንቀይራለን። በአንዷ ጦስ የሁሉም ዋጋ ይከፈላል።

ቤት ውስጥ ግን ቁልፍ ጠፍቶ አይደለም። ያረጀ ሸሚዝ መወልወያ ሲሆን አብሮ ይሄዳል። እባካችሁ መጀመሪያ ቁልፉን አንሱ። ምላጩን በጨርቁና በቁልፉ መሃል አስገብቶ ክሩን ብቻ መበጠስ ነው። ከዚያ የአንዱን ልብስ ቁልፎች በአንድ ክር ሰክታችሁ ቋጥሯቸው። ዝም ብሎ ጣሳ ውስጥ ከተዘረገፈ የተፈለገ ቀን ምስር ለቀማ ይሆናል።

የፋብሪካ ሸሚዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትርፍ ቁልፍ አለው። ከውስጥ በጎን ስፌቱ በኩል፣ አስተጣጠቡ የተጻፈባት ቁራጭ አጠገብ ፈልጉ። ለደንበኞቼ ሳሳያቸው ይገረማሉ። ስንት ጊዜ አጥበውት!

አምሳያ ከጠፋም መላ አለ። የሸሚዙን የመጨረሻ ቁልፍ ነቅዬ ከላይ እተክላታለሁ። ሱሪ ውስጥ በምትገባው ቦታ ያገኘሁትን እሰፋለሁ። ማን ያያል? ኮት ሲሆን ቁልፉ ላይ የክብሪት እንጨት አጋድሜ በላዩ እሰፋለሁ። እንጨቱን ሳወጣው ክሩ ይላላል፤ ያንን ከሥር ጠምጥሜ አንገት አበጅለታለሁ። ወፍራም ጨርቅ ያለ አንገት ቁልፉን ይበጥሰዋል።

የሚያናድደኝ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። በጅምላ የሚሰፉት ቁልፉን በማሽን መታ መታ አድርገው ይለቁታል። የክሩ ጫፍ ከተሳበ ሁሉም ይተረተራል። መስከረም የተገዛው ጥቅምት ሳይገባ እኔ ጋ ይመጣል፤ ለእኔማ ገበያ ነው፣ ወላጅ ግን ምን በወጣው? ትምህርት ቤቶች ልብስ ሲያሰፉ ሁለት ነገር ውላቸው ውስጥ ያስገቡልን፦ የክሩ ጫፍ ይቋጠር፣ አንዲት ትርፍ ቁልፍም ከውስጥ ትሰፋ።

ልብስ ሰፊው፣ ከደሴ