የሥነ ጽሑፍ ክበብ ዘገባ፦ ከቶልኪን ጋር የከረምንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን በ23 አባላት ጀምሮ በ17 ጨረሰ። ስድስቱ የት ደረሱ ለምትሉ፣ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ናቸው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይክ ይዞ መናገር ጥግ ይዞ ከመጻፍ ይጣፍጣል። አልፈረድኩባቸውም። (ትንሽ ፈርጄባቸዋለሁ።)

የምንሰበሰበው ረቡዕ ረቡዕ ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል ነው። ልማዳችን በዓመት አንድ ደራሲ መርጠን እሱን ይዘን መክረም ነው። እኔ በልቤ የያዝኩት ሌላ ሰው ነበር። ጥቅምት ላይ ድምፅ ሲሰጥ ግን ልጆቹ የ"ሆቢት" እና የ"የቀለበቶቹ ጌታ" ደራሲ የሆነውን እንግሊዛዊውን ጄ. አር. አር. ቶልኪንን መረጡ። ፊልሞቹን አይተዋላ። "ቲቸር፣ ብቻ ዘንዶ ያለበት ይሁን" አለኝ አንዱ። እሺ፣ ዘንዶ ይሁን ተባለ።

አንድ ነገር ግን ቀድሜ አስጠነቀቅኩ። ፊልም አናወራም። ሰውየው ምን ይወድ እንደነበር፣ ቀኑን በምን ያሳልፍ እንደነበር፣ መጽሐፎቹስ እንዴት ማተሚያ ቤት እንደደረሱ ነው የምናየው።

መጀመሪያ የገረማቸው ሥራው ነው። ቶልኪን መምህር ነበር። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር። አራት ልጆች ነበሩትና ደመወዙ አልበቃ ሲለው በእረፍቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የፈተና ወረቀት እያረመ ይደጉም ነበር። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አንድ ቀን ሲያርም አንዱ ተፈታኝ ባዶውን የተወው ገጽ አጋጠመው። የወረቀት ክምር ፊቱ የተቆለለበት ሰው ባዶ ገጽ ሲያገኝ ያለውን ደስታ ያረመ ያውቀዋል። ቶልኪን በዚያ ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጫረበት። መሬት ውስጥ ስለሚኖር ሆቢት ስለሚባል ፍጡር። ሆቢት ምን እንደሆነ ያኔ እሱም አያውቅም ነበር።

ያንን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ እንመልስ ብለን ሙሉ ረቡዕ ፈጀን። ችግሩ ሆቢቱ አልነበረም፤ መኖሪያው ነው። "ጉድጓድ" ስንል አንዷ ተማሪ "ቲቸር፣ ይሄማ የሞተ ሰው ነው የሚመስለው" አለች። "ዋሻ" አልን፤ ጅብ ሆነ። "ጎሬ" አለ ሌላው፤ አይጥ ሆነ። እስካሁን አልተስማማንም።

ቶልኪንም በልጅነቱ የትምህርት ቤት ክበብ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1911 በርሚንግሃም ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋሙት የሻይ ክበብ ነው። የሚያስቀው ነገር፣ ሻዩን የሚጠጡት በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተደብቀው ነበር። እኛም አንድ ቀን በፔርሙስ ሻይ አስገብተናል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ይህችን መስመር ቢዘሉልኝ ደስ ይለኛል። የዚያ ክበብ እምብርት አራት ልጆች ነበሩ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ሮበርት ጊልሰን በሶም ጦርነት የመጀመሪያ ቀን፣ ሐምሌ 1 ቀን 1916 እ.ኤ.አ. ሞተ። ጄፍሪ ስሚዝ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ተከተለው። ስሚዝ ከመሞቱ በፊት ለቶልኪን ጽፎለት ነበር፤ እኔ ብሞት ልናገር የሞከርኩትን አንተ ተናገርልኝ የሚል መልእክት ነበረበት። ይህን ባነበብንበት ረቡዕ ክፍሉ ጸጥ አለ። በጊዜ ተበተንን።

ወደ ደስ የሚለው ልመለስ። በ1958 ቶልኪን ለአንዲት አንባቢ በጻፈው ደብዳቤ ስለ ራሱ ይዘረዝራል። ከቁመቴ በቀር እኔው ራሴ ሆቢት ነኝ ይላል። የአትክልት ስፍራና ዛፍ ይወዳል፤ ማሽን ያልገባበት እርሻም። ፒፓ ያጨሳል። ተራ የቤት ምግብ ይወዳል፣ ማቀዝቀዣ ያልነካው። የፈረንሳይ ምግብ አይደርስበትም። ያጌጠ ሰደርያ ይለብሳል። ከሜዳ የተለቀመ እንጉዳይ ይወዳል። አምሽቶ ይተኛል፣ ከተመቸው አርፍዶ ይነሳል። ያን ጊዜ ዕድሜው 66 ነው፤ መጽሐፎቹ ታትመዋል፣ ስሙም ገንኗል። ስለ ራሱ ሲጠየቅ ግን የሚመጣለት እንጉዳይና ሰደርያ ነው።

ልጆቹ የየራሳቸውን ዝርዝር ጻፉ። ያልጠበቅኩት ጽሑፍ የወጣው ከዚህ ነው። የድሮ ታክሲ የሚወድ አለ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ መስማት የምትወድ አለች። ያደረ ሽሮ ከትኩሱ ይጣፍጣል ብሎ አንድ ገጽ ሙሉ የተከራከረ አለ፤ እኔም እስማማለሁ። እንጉዳዩ ላይ ግን ክፍሉ ተከፈለ። ግማሹ "እንጉዳይ ይበላል እንዴ?" ብሎ ፊቱን አጨማደደ። አንዷ ደግሞ አያቷ ዘንድ ክረምት ሲገባ ተለቅሞ እንደሚሠራ ተናግራ ሁሉንም አስራበች።

ትልቁ ፍቅሩ ግን ቋንቋ ነው። ፊንላንድኛና ዌልስኛን ከድምፃቸው የተነሳ ወዶ፣ በእነሱ ጣዕም የራሱን ቋንቋዎች ፈጥሯል። ተረቶቹ የመጡት ኋላ ነው፤ ቋንቋ ያለ ተናጋሪ አይኖርምና። ታሪኩ የሚጀምረው ደግሞ ከልጅነት ነው። የአክስቱ ልጆች በእንስሳት ስም የሚያወሩበት የምስጢር ቋንቋ ነበራቸው። በዚያ ቋንቋ "አርባ" ማለት አህያ ነው። "አህያ" ማለት ደግሞ አርባ።

እኛ አገር የወፍ ቋንቋ ያላወራ ልጅ የለም። በየፊደሉ መሃል ሌላ ድምፅ እየሰገሰጉ ትልቅ ሰው ፊት ማማት ነው። ስለዚህ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ከሚገባው በላይ ገባቸው። ሳምንቱን ሙሉ በግቢው ውስጥ እርስ በርስ "አንተ አርባ!" ሲባባሉ ከረሙ። የሒሳብ መምህሩ ስምንት ሲባዛ በአምስት ስንት ነው ብለው ቢጠይቁ አንድ አባላችን "አህያ" ብሎ መለሰ። ይቅርታ ጠይቄያለሁ። በጽሑፍም ይኸው ደግሜ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ዓመቱ ትልቅ ክርክር። ቶልኪን ስለ ኢትዮጵያ ጽፏል ቢባል ማን ያምናል? ስለ አገሪቱ እንኳ አይደለም፤ ስለ ስማችን ነው። በ1932 እና በ1934 እ.ኤ.አ. "የሲገልዋራ ምድር" የሚል ጥናት በሁለት ክፍል በአንድ የመካከለኛው ዘመን ጥናት መጽሔት ላይ አሳትሟል። የጥንት እንግሊዞች መጻሕፍትን ከላቲን ሲተረጉሙ "ኢትዮጵያዊ" የሚለውን በላቲኑ አላስቀሩትም። "ሲገልሀርዋን" በሚል የራሳቸው ቃል ተኩት። ቶልኪን ይህ ቃል ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ግማሽ ፀሐይ ማለት ነው፤ ዕንቁ የሚል ትርጉምም አለው። ሁለተኛው ግማሽ ከፍም፣ ከእሳትና ከጥላሸት ጋር ሳይዛመድ አይቀርም ይላል። ስለዚህ ቃሉ እንግሊዞች ስለ ኢትዮጵያ ከመስማታቸው በፊት የነበረ፣ የራሳቸው አፈ ታሪክ የእሳት ፍጡራን ስም ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ። ዓይናቸው የፍም ብልጭታ የሚተፋ፣ ፊታቸው ጥላሸት የመሰለ ፍጡራን። አንዳንድ አጥኚዎች በቶልኪን መጽሐፎች ውስጥ ያለውን የእሳት ጭራቅ፣ ባልሮግን፣ ከዚህ ጥናት ጋር ያያይዙታል። ሲልማሪል የተባሉትን የሚያበሩ ዕንቁዎችም እንዲሁ።

ይህን ነግሬያቸው ጠመኔውን ሳላስቀምጥ ጩኸት ተነሳ። "እኛን ነው እንግዲህ ጭራቅ ያደረገን?" አለ አንዱ ተነስቶ። "እኛንማ አይደለም፤ ቃሉ ከእኛ በፊት ነበረ ነው የሚለው። እኛ ላይ የለጠፉት ተርጓሚዎቹ ናቸው" አለች የክበቡ ጸሐፊ። "ታዲያ ለምን እኛ ላይ ተለጠፈ?" አለ ያው ልጅ። ይህን ጥያቄ መመለስ ቀላል አልነበረም። የግሪኩም "ኢትዮጵያ" ብዙ ጊዜ የሚተረጎመው "ፊቱ የተቃጠለ" ተብሎ መሆኑን አስታወስኳቸው። ያ ደግሞ እሳቱን አባሰው። ሁለት ረቡዕ ተከራከርን። በሦስተኛው ያ ልጅ አንድ አጭር ተረት ይዞ መጣ። የእሳት ፍጡራኑ ራሳቸው ይተርካሉ፤ ስለ ቀዝቃዛዎቹና ጭጋጋማ ፊት ስላላቸው የሰሜን ሰዎች ያወራሉ። ከዓመቱ ጽሑፎች ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው እሱ ነው።

ሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ለኅትመት ሰጠነው። "ሆቢት" መስከረም 21 ቀን 1937 እ.ኤ.አ. ወጣ። የመጀመሪያው እትም 1,500 ቅጂ ነበር፤ የፈረንጆች ገና ሳይደርስ አለቀ። እንዲታተም ካደረጉት አንዱ የ10 ዓመት ልጅ ነው። አሳታሚው ስታንሊ አንዊን የልጅ መጽሐፍን ልጅ ይፍረደው ብሎ ለልጁ ለሬይነር ሰጠው፤ ለአስተያየቱ አንድ ሽልንግ ይከፍለዋል። ሬይነር ወደደው። ከ5 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ይሆናል አለ፤ የ10 ዓመት ሰው ሆኖ!

እኛም ገምጋሚ ቀጠርን። አንድ የ4ኛ ክፍል ተማሪ፣ ለአንድ ተረት አንድ ቦንቦሊኖ። ምሕረት የለውም። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ወር የለፋበትን ተረት አንብቦ "ዘንዶው ቶሎ ይምጣ፤ ስለ ተራራው ብዙ አወራችሁ" ብሎ መለሰው። ልጁ ተናደደ። ከዚያ ተራራውን ቆረጠው። ተሻለ።

አሳታሚው ተከታዩን ሲጠይቅ ቶልኪን በዚያው 1937 ታኅሣሥ ላይ ጀመረ። የጨረሰው በ1949 ነው። 12 ዓመት! ታይፒስት የሚቀጥርበት ገንዘብ ስላልነበረው ያን ሁሉ ገጽ ራሱ ተየበው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ወረቀት ውድ ነበር። በመጨረሻ ያተመው ማን መሰላችሁ? ያው ሬይነር፣ አድጎ አባቱ ድርጅት ገብቶ። አንድ ሺህ ፓውንድ ልንከስርበት እንችላለን ብሎ ለአባቱ ጽፎ ነበር። ኪሳራውን ለመቀነስ ሲሉ ቶልኪን ወጪው እስኪመለስ አንዲት ሳንቲም እንዳይወስድ፣ ከዚያ በኋላ ትርፉን እኩል እንዲካፈሉ ተስማሙ። "የቀለበቶቹ ጌታ" በሦስት ተከፍሎ ሁለቱ ክፍሎች በ1954፣ ሦስተኛው በ1955 ወጣ። ደራሲው 62 ዓመት ሞልቶታል። ኪሳራ የሚባል ነገር አልመጣም።

በ1965 ደግሞ አንድ የአሜሪካ አሳታሚ ያለ ደራሲው ፈቃድ በርካሽ አተመው። ቶልኪን ለአንባቢዎቹ በሚመልሰው ደብዳቤ ሁሉ ያንን እትም እንዳይገዙ ይነግራቸው ነበር። ልጆቹ በጣም ተቆጡለት። ያን ጊዜ ግማሾቹ መጽሐፉን የሚያነቡት በቴሌግራም ከተላላኩት ፒዲኤፍ እንደሆነ ላስታውሳቸው ፈለግኩና ተውኩት። እኔም ከዚያው ነበር የማነበው።

የእኛው ጥራዝ በግንቦት መጨረሻ ወጣ። 44 ገጽ፣ 50 ቅጂ። የወረቀትን ዋጋ አታንሱብኝ። ስሙ ላይ መስማማት አቅቶን ሽፋኑ ያለ ርዕስ ወጥቷል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ መብራት ሄዶበት ሁለት ቀን አዘገየን። ሲመጣ ደግሞ መሃል ገጽ ላይ ያለው ካርታ ሰሜኑ ተቆርጧል። የሣለችው ልጅ አለቀሰች። ከዚያ ስክሪፕቶ አንስታ ሃምሳውም ላይ ሰሜኑን በእጇ ሣለች። ሃምሳው ሰሜን ሃምሳ ዓይነት ነው። በወላጆች ቀን 38 ቅጂ ተሸጠ። የቀሩት ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፣ ተውሳችሁ አንብቡ።

ገቢው የኮፒውን ወጪ ሸፍኗል። ያልተዘጋ ሒሳብ አንድ ብቻ ነው። ለገምጋሚያችን የአራት ቦንቦሊኖ ዕዳ አለብን። ባለፈው ሳምንት መምህራን ክፍል ድረስ መጥቶ ጠይቆኛል።