ልጄ፣ ከ63 ኪሎ ምድብ አትውረጂ

ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ተውኩት። ስልክ ላይ «እሺ ማሚ፣ ገብቶኛል» ትይኛለሽ፤ ከዚያ ክላስ አለኝ ብለሽ ትዘጊያለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ወደ ትምህርትሽ በተመለስሽ ማግስት መታጠቢያ ቤቱን እያጸዳሁ ነበር። ለታንክስጊቪንግ ስትመጪ ያስቀመጥኩልሽን ሞዴስ መሳቢያው ውስጥ እንደታሸገ አገኘሁት። ለገና እረፍት ከ4 ሳምንት በላይ እቤት ነበርሽ። ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። የውኃ መውረጃውን ስከፍት ደግሞ የፀጉርሽ ብዛት አስደነገጠኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ሁሉንም ገጣጠምኩት። ማሞቂያው እየሠራ ጋቢ ደርበሽ ሶፋ ላይ ስትኮራመቺ። ሻይ ሳቀብልሽ የነካሁት የጣትሽ ቅዝቃዜ። ከማታ ፈረቃ እኩለ ሌሊት ስመለስ እንቅልፍ እምቢ ብሎሽ ነቅተሽ ሳገኝሽ።

የወር አበባሽ ከቀረ ስንት ወር ሆነው?

የምጠይቅሽ ልቆጣሽ አይደለም። ስፖርቱንም ተዪ አልልሽም። የመጀመሪያ ውድድርሽ ላይ ስመጣ ፓወርሊፍቲንግ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሴት ልጅ ያን ሁሉ ብረት ተሸክማ ቁጭ ብድግ ስትል ማየቱ አስፈርቶኝ ነበር። ከዚያ እጅሽን ነጭ ዱቄት ቀብተሽ፣ ቀበቶሽን ጠበቅ አድርገሽ፣ 145 ኪሎ ከመሬት አነሳሽ። ጉልበትሽ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ብረቱ ቅልጥምሽን ፍቆት ደም ወጥቷል። ሦስቱም የዳኞች መብራት ነጭ ሲበራ እልል አልኩ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ዞር ብለው አዩኝ። ግድም አልሰጠኝ። ያንን ጉልበትሽን ወድጄዋለሁ። የምጽፍልሽም እሱ እንዳይጠፋብሽ ነው።

ያን ቀን 62 ኪሎ ነበርሽ። ስኳት፣ ያ ተሸክመሽ ቁጭ ብድግ የምትይው፣ 127 ተኩል፤ ቤንች፣ ተጋድመሽ ወደ ላይ የምትገፊው፣ 67 ተኩል፤ ዴድሊፍት፣ ከመሬት የምታነሺው፣ 145። ድምሩ 340። የጻፍሽልኝ ወረቀት አሁንም ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል።

አሁን 57 ኪሎ ሆነሻል። ለገና የነገርሽኝ ቁጥር 115፣ 62 ተኩል እና 137 ተኩል ነው። ደመርኩት፤ 315 መጣ። ከሰውነትሽ 5 ኪሎ ወረደ፤ ከብረቱ ደግሞ 25 ኪሎ። ለምን ስልሽ «ማሚ፣ ስቤ 24 በመቶ ነበር፤ ለጉልበት ትክክለኛው 15 ነው» አልሽኝ። ማን ነገረሽ ስልሽ ኢንተርኔት ላይ የሚያሠለጥን ሰው ነው አልሽኝ።

እንግዲህ ስለዚህ 15 እናውራ።

ስብ እንደ ካፖርት አውልቀን የምንሰቅለው ነገር አይደለም። የሴት ልጅ ሰውነት ከ10 እስከ 13 በመቶ የሚሆነውን ስብ የሚፈልገው ለመኖር ብቻ ነው። በነርቭ፣ በመቅኔና በሆድ ዕቃ ዙሪያ ያለ፣ የማይነካ ስብ ነው። ወንድ ከ2 እስከ 5 በመቶ ይበቃዋል። ስለዚህ የወንድን ቁጥር አንስቶ ለሴት መስጠት ትልቅ ስህተት ነው። 15 በመቶ ብረት ለሚያነሳ ወንድ ደህና ቁጥር ነው። ላንቺ ግን ወለሉ አጠገብ ነው። የስፖርተኛ ሴቶች ሠንጠረዥ ላይ ከ14 እስከ 20 የሚል አይተሽ ይሆናል። ያ ሠንጠረዥ የረጅም ርቀት ሯጯንም አንቺንም አንድ ላይ ነው የሚያስቀምጣችሁ። በአንቺ ምድብ ብረት የምታነሳ ሴት 20 አካባቢ ብትሆን፣ እስከ 25ም ብትደርስ፣ የሚያሳፍራት ነገር የለም። 24 ላይ ሆነሽ አይደል እንዴ 340 ያነሳሽው?

ሰውዬው በአንድ ነገር ልክ ነው። ብረት የሚያነሳው ጡንቻ ነው፤ ስብ አይኮማተርም። እኩል ከሚመዝኑ ሁለት ልጆች ጡንቻዋ የበዛው የማሸነፍ ዕድሏ ይሰፋል። ስህተቱ የሚጀምረው ስቡን በመቁረጥ ጡንቻውን የምናገኘው ሲመስለን ነው። ጡንቻ የሚሠራው ከሚተርፍ ምግብ ነው። ሰውነት የዕለት ወጪውን መሸፈን ሲያቅተው አዲስ ነገር አይገነባም። ያለውንም አውጥቶ መሸጥ ይጀምራል።

ትልልቆቹን ተመልከቻቸው። ሬይ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. 456 ኪሎ በትከሻው ተሸክሞ ቁጭ ብድግ አለ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ሆዱም ትልቅ ነው። ዳኞቹ ስቡ ስንት በመቶ እንደሆነ አልጠየቁትም። ላማር ጋንት ደግሞ 60 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ ሰው ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. 300 ኪሎ ከመሬት አነሳ። የራሱን ክብደት 5 እጥፍ ማለት ነው። አንደኛው የክብደት ጣሪያ በሌለው ምድብ ነው የሚወዳደረው፤ ስለዚህ ስቡ አያስጨንቀውም፤ የሰውነቱ ግዝፈትም ያግዘዋል። ሁለተኛው እያንዳንዷ ኪሎ የምትቆጠርበት ምድብ ውስጥ ነበር። ታዲያ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ትክክለኛ በመቶ ከየት ይመጣል?

አንድ ጥናት ደግሞ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ነው። ለሰውነት ግንባታ ውድድር የሚዘጋጅን አንድ ወጣት ለአንድ ዓመት ተከታተሉት። ስቡ ከ14.8 ወደ 4.5 በመቶ ሲወርድ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ53 ወደ 27 ወረደ። ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞኑ ወደ ሩብ ገደማ አሽቆለቆለ። ጉልበቱ ቀነሰ፤ ከውድድሩ 6 ወር በኋላም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰለትም። 27! ሆስፒታል እኛ ክፍል የአንድ ሰው ልብ 27 ቢመታ ማሽኑ ይጮሃል፤ ሁላችንም ሮጠን ነው የምንገባው። ያ ልጅ መድረክ ላይ ቆሞ ያማረ ይመስል ነበር።

አሁን ስለ ሚዛንሽ። ትተሽው የሄድሽው ሚዛን ላይ እኔም ወጣሁበት። ጠዋት 31 በመቶ አለኝ። የዚያኑ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ 8 ሰዓት ሙሉ ውኃ ሳልቀምስ፣ 34 አለኝ። በአንድ ቀን 3 በመቶ ስብ ከየት አመጣለሁ? ያ ሚዛን ስብን አያይም። በእግርሽ በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ ልኮ እንዴት እንደሚያልፍ ያያል፤ ከዚያ ይገምታል። ውኃ ሲያንስሽ ስብ የበዛብሽ ይመስለዋል። ቆዳ ቆንጥጦ የሚለካው መሣሪያም በለኪው እጅ ይወሰናል። ዴክሳ የሚባለው ራጅ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ትንሽ ወዲህ ወዲያ ይላል። አንቺ በዚህ ግምት ላይ ተመሥርተሽ ነው እራትሽን የተውሽው።

ዋናው ጉዳይ ግን ስቡ ራሱ አይደለም፤ የምግብሽ ማነስ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 62 ኪሎ ሆነሽ ስብሽ 24 በመቶ ከነበረ፣ ስብ ያልሆነው ክብደትሽ 47 ኪሎ ገደማ ነው። የስፖርቱ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ለእያንዳንዱ ኪሎ ቢያንስ 30 ካሎሪ መትረፍ አለበት። ከዚያ በታች ሲሆን የሴት ሆርሞን መዛባት ይጀምራል። 30 በ47 ሲባዛ 1410 ነው። ጥሩ የሚባለው 45 ነው፤ 2100 ገደማ። አንቺ በቀን 1400 እየበላሁ ነው አልሽኝ። ልምምድሽ 300 ቢወስድ የሚተርፍሽ 1100 ነው። በኪሎ 23 ገደማ ብቻ ነው። አንጎል ይህን ሲያይ ዘመኑ ክፉ ነው፣ ልጅ የሚወለድበት ጊዜ አይደለም ብሎ ይወስናል። የወር አበባውን ያቆማል። ሙቀት ይቀንሳል። ፀጉር ይተዋል። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ ስም አውጥተውለታል፤ በአማርኛ በስፖርት ውስጥ የሚከሰት አንጻራዊ የኃይል እጥረት ብንለው ይሆናል። ብዙ ሴት ስፖርተኞች የወር አበባ ሲቀር እንደ ጠንክሮ የመሥራት ምልክት ይቆጥሩታል። እንደዚያ አይደለም ልጄ።

እኔ የምሠራው አጥንት ክፍል ነው። ዳሌያቸው የተሰበረ ሴቶችን አገላብጣለሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ልናስቀምጣቸው ስንሞክር እጄን የሚጨብጡት አጨባበጥ እቤት ድረስ ይከተለኛል። የአጥንት ጥንካሬ የሚጠራቀመው እስከ 30 ዓመት ገደማ ነው። አንቺ 20 ነሽ። ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲወርድ በዚህ ዕድሜሽ ልታጠራቅሚው የሚገባሽ አጥንት ይቀርብሻል። ደግሞ አንቺ በዚያ አጥንት ላይ 100 ምናምን ኪሎ ትጭኛለሽ።

ስለ ጾሙም ልንገርሽ። በነቢያት ጾም ጊዜ «እየጾምኩ ነው» ስትይኝ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ሳህንሽን ግን አላየሁም። ጎመንና ግማሽ እንጀራ ነበር። ጾም ሌላ ነው፤ ራስን ማስራብ ሌላ ነው። ሁዳዴ በቅርብ ይገባል፤ 55 ቀን ነው። ለንስሐ አባታችን ደውዪና ያለውን ሁሉ ንገሪያቸው፤ የታመመ ሰው እንዴት እንደሚጾም ያውቃሉ። የምትጾሚ ከሆነ ደግሞ በደንብ ብዪ። ወፈር ያለ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ቶፉ፣ ኦቾሎኒ፣ በሶ። ብረት ለምታነሳ ሰው በቀን በኪሎ ከ1.6 እስከ 2.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋታል። ላንቺ 100 ግራም ላይ መድረስ አለበት። በጾም ምግብ ይቻላል፤ ግን ታስቦበት ነው።

የሚያዝያው ውድድር ላይ በ63 ኪሎ ምድብ ተወዳደሪ። 57ን ተዪው። 57 ሲባል እኮ ጠዋት ሚዛን ላይ ስትወጪ ከ57 እንዳታልፊ ነው። የምትመዘኑት ደግሞ ውድድሩ ሊጀመር 2 ሰዓት ሲቀረው ነው። የዚያን ዕለት ውኃ ከልክለሽ ሰውነትሽን ብታደርቂው መልሰሽ የምትሞይበት ጊዜ የለሽም። ክብደትሽ 60 ይሁን 62 ተኩል፣ በ63 ምድብ ውስጥ ማንም አይነካሽም። አንድ ቀን፣ ጤናሽ ተመልሶ፣ መቀነስ ካማረሽ ቀስ ብለሽ ነው። ኖርዌይ ውስጥ በምርጥ ስፖርተኞች ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አለ። በሳምንት የክብደታቸውን 0.7 በመቶ ብቻ የቀነሱት ጡንቻ ጨመሩ። እጥፉን የቀነሱት ግን አልጨመሩም። 0.7 ላንቺ በሳምንት 400 ግራም ገደማ ነው። ለአሁኑ ግን እሱንም አታስቢው።

ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ሄደሽ ቀጠሮ ያዢ። የወር አበባዬ ቆሟል፣ ስፖርተኛ ነኝ፣ ምግብ ቀንሼ ነበር ብለሽ ሦስቱንም ንገሪያቸው፤ አንዱን እንዳትደብቂ። የእርግዝና ምርመራ ያደርጉልሻል፤ ለሁሉም የሚደረግ ነው፣ አትደንግጪ። ታይሮይድሽን፣ ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን እና በሰውነትሽ ያለውን የብረት ማዕድን ክምችት እንዲያዩልሽ ጠይቂ። የአጥንት መለኪያ ያስፈልግሽ እንደሆነም ጠይቂያቸው። ብቻዬን አልሄድም ካልሽ እኔ እመጣለሁ። ፈረቃ እቀይራለሁ፤ 3 ሰዓት መንዳት ምንም አይደለም።

በሶውን አስፈጭቼ ልኬልሻለሁ፤ ማሩም አብሮ አለ። ጠዋት ጠዋት ከልምምድ በፊት በጥብጠሽ ጠጪው። ሽሮው በቀዩ ክዳን ያለው ነው፤ ቅመሙ በላዩ አለ፣ ሌላ አትጨምሪበት። ሞዴሱንም ከሥር አስገብቼዋለሁ።

ሐሙስና ዓርብ የማታ ፈረቃ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ደውዪልኝ፤ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ትነግሪኛለሽ።

እናትሽ