ሃያ አራት ሳይሆኑ ሦስት ናቸው

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የሙከራ ዕቅድሽን አነበብኩት። የድብርት መድኃኒቱን ፍሉኦክሰቲንን መምረጥሽ ጥሩ ነው፤ «ናሙና፦ 24 ማውሶች» (ትናንሽ የላቦራቶሪ አይጦች) ያልሽው ላይ ግን አልተስማማሁም።

እ.ኤ.አ. በ2004 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣውን ሥራ ታውቂዋለሽ። ማውሶቹ ከተወለዱ ከ4ኛው እስከ 21ኛው ቀን በኪሎ 10 ሚሊግራም ተሰጣቸው፤ መድኃኒቱ ከሰውነታቸው ወጥቶ ካደጉ በኋላ ፈሪዎች ሆነው ተገኙ። አዋቂን የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው እኮ! የነርቮች መልእክተኛ የሆነው ኬሚካል ሴሮቶኒን ግን በዚያ ዕድሜ ገና ግንበኛ ነው፤ የነርቭ ክር ወዴት እንደሚዘረጋ ይመራል። ፍሉኦክሰቲን የሚዘጋው ማጓጓዣ (ሴሮቶኒንን ወደ ነርቭ መልሶ የሚያስገባው ፕሮቲን) ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከታላመስ፣ ማለትም የስሜት ሕዋሳትን መልእክት ከሚያስተላልፈው የአንጎል ክፍል፣ ወደ አንጎል ቅርፊት በሚሄዱ ነርቮች ላይ ሳይቀር አለ፤ በኋላ ከእነሱ ላይ ይጠፋል።

አሁን ወደ እጅሽ እንምጣ። የ7 ቀን ማውስ 4 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ውህዱ በሚሊሊትር 1 ሚሊግራም ከሆነ ድርሻዋ 0.04 ሚሊሊትር ነው፤ አንዲት ጠብታ። መርፌውን ቶሎ ከነቀልሽው መልሶ ይፈስሳል፤ ጥቂት ሰከንድ አቆይተሽ ቀስ ብለሽ አውጪው። የፈሰሰውን እናቲቱ ትልሰዋለች፣ ከዚያም ለማነጻጸሪያ ሳላይን (የጨው ውሃ) ብቻ የተወጉትን ትልሳለች። በየቀኑ መዝኚ፦ የ4ኛውን ቀን መጠን ይዘሽ ከቀጠልሽ በሦስተኛው ሳምንት የምትሰጪው የጻፍሽውን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ጓንትሽን በጎጇቸው ጉዝጓዝ እሺው፤ ባዕድ ሽታ ይዘው ከተመለሱ እናቲቱ ልትበላቸው ትችላለች። ከጎጆ የሚወጡበትን ደቂቃ ለሁሉም እኩል አድርጊ። በየቀኑ 15 ደቂቃ መነካት ያረጋጋቸዋል፣ 3 ሰዓት ከእናት መለየት ደግሞ ራሱን የቻለ የጭንቀት ሙከራ ነው። ሳትጠነቀቂ ሁለት ሙከራ በአንድ ሳጥን ታካሂጃለሽ።

ወደ ሃያ አራቱ ልመለስ። ከሦስት እናቶች ከመጡ ናሙናሽ ሦስት ነው። ስምንቱ አንድ ማህፀን፣ አንድ ጡት፣ አንድ ምላስ ተጋርተዋል። ልጆቿን አዘውትራ የምትልስ እናት ካጋጠመችሽ ስምንቱም ረጋ ብለው ያድጋሉ፤ አንቺም መድኃኒቱ ያደረገው ይመስልሻል። ስለዚህ የልጆቹን ሳይሆን የእናቶቹን ቁጥር ጨምሪ፤ ከየእናቲቱ በየቡድኑ አንድ ወንድና አንድ ሴት ይበቃል። አንዳንዶች ሙሉ ወሊዱን ለአንድ ቡድን ይሰጣሉ፤ መላላሱን ይከላከላል፣ ግን ብዙ እናት ይጠይቃል። እኔ ከፍሎ መስጠቱን እመርጣለሁ። በስሌቱም እናቲቱን እንደ ራንደም ኢፌክት (ከእናት እናት ያለውን ልዩነት ለይቶ የሚይዝ የስሌት ክፍል) አስገቢያት።

ፍርሃትን በምትለኪበት ከፍ ባለው የመስቀል መተላለፊያ (ሁለት ክንዶቹ ግድግዳ የሌላቸው፣ ሁለቱ ያላቸው) ላይ ክፍት ክንዱን ካልረገጠች ወዲያው «ፈራች» አትበይ፤ በዝግ ክንዶቹ ስንቴ እንደገባች ቁጠሪ፤ እሱም ካነሰ እንቅስቃሴዋ ነው የቀነሰው። የተራበች ማውስ በማታውቀው ቦታ ምግብ ለመብላት ምን ያህል እንደምትዘገይ በሚለካው ፈተናም ወደ ሳጥኗ ስትመለስ ምን ያህል እንደበላች መዝኚ፤ የምግብ ፍላጎት ማጣት ፍርሃት መስሎ ይታያል።

ስንት እናቶች ማግኘት እንደምትችዪ ጠይቀሽ ጻፊልኝ።

እናትሽ